የድምፁ ሽቦ

ውድ እህቴ ሬዲዮ፣

ካረፍሽ ሰባት ዓመት ሆነ፤ ከዚያ ወዲህ በዚህ ቅጽል ስም የጠራሽ የለም። እኔም በአፌ አልደፍረውም፤ በእስክሪብቶ ይቀላል። አንቺ የእኔን ድርሻ ጭምር ታወሪልኝ ስለነበር፣ መናገር ሳልለምድ ዐሥራ ስድስት ዓመት ሞላኝ።

የተመረቅሽ ቀን አጎታችን የቀረጸውን የቪዲዮ ካሴት ቁም ሣጥኑ ሥር አገኘሁት። ማጫወቻችን ከተበላሸ ቆይቷልና ከቪዲዮ ቤቱ ሰውዬ አንድ አሮጌ ተዋስኩ። ካሴቱን ወደ ብርሃን አንሥቶ አየና፣ "ክሩ ሻግቷል የኔ ልጅ። አንዴ ካጫወተልሽ አመስግኚ፤ ሁለተኛ አትመኚ" አለኝ። ምስሉንና ድምፁን በየራሳቸው ሽቦ ወደ ኮምፒውተር አስገብቼ ዲስክ ላይ እንዴት እንደምገለብጠውም ጻፈልኝ።

ሁሉንም እንዳለኝ አደረግሁ። ድምፅሽ ሲመጣ ግን ደነገጥኩ። እማ ከግድግዳው ወዲያ ልብስ ታጥብ ነበር። ሳታስበው እንዳትሰማሽ ብዬ፣ ደግሞም እውነቱን ልንገርሽ፣ መጀመሪያ ብቻዬን ልሰማሽ ፈልጌ፣ የድምፁን ሽቦ ከማጫወቻው ነቅዬ በቦታው የጆሮ ማዳመጫ ሰካሁ። ድምፁ ከምስሉ ጋር አብሮ የሚገባ መስሎኝ ነበር። ሃያ ደቂቃ ሙሉ ጆሮዬ ውስጥ አወራሽ። ከዚያ ካሴቱን ወደ ኋላ ልመልስ ስል ማሽኑ ክሩን በላው።

እሑድ ከሰዓት እማን አስቀምጬ ዲስኩን ከፈትኩላት። አፍሽ ብቻ ይንቀሳቀሳል።

"ድምፁን ጨምሪው እንጂ።"

"መጨረሻው ላይ ነው እማ።"

"ጆሮዬ ነው እንዴ?" ብላ ተጠጋች።

"ድምፅ የለውም። በእኔ ጥፋት ነው። እኔ ግን ሰምቼዋለሁ።"

አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። "እንግዲያው ንገሪኛ፤ ምን እያለች ነው?"

"አጎቴ፣ ይቺን ዲዳ ቅረጽልኝ፤ ካሜራው አይናከስም በላት" ብለሽ ስለ እኔ ያልሽውን ነገርኳት፤ ሳቀች። ከዚያ ወደ እሷ ዞረሽ የምትናገሪበት ቦታ ደረሰ። እማ ትንፋሿን ያዘች።

ያልሻት "ዞር በይ እማ፣ ብርሃኑን ጋረድሽብኝ" ነው። እኔ ግን፣ "እማ፣ ዛሬ ደግሞ እንዴት አምሮብሻል" ትልሻለች አልኳት።

"ረስቼው ነበር" አለች፣ እጇን ጉንጯ ላይ አድርጋ። "ውይ፣ ረስቼው ነበር።"

አሁን በየእሑዱ ታስከፍተኛለች። እዚያ ቦታ ስንደርስ "በይው" ትለኛለች፤ እላለሁ። "እንደ እሷ አድርገሽ በይው" ትለኛለች፤ እሞክራለሁ፣ እንደ አንቺ አይሆንም። ለጎረቤትም አውርታዋለች። እውነቱን ብነግራት አንቺን ሁለተኛ መቅበሬ ነው።

ደግሞ በተናገርኩ ቁጥር ድምፄ ያንቺን እየሸፈነው ነው። ትናንት ዓይኔን ጨፍኜ "ብርሃኑን ጋረድሽብኝ" ያልሽውን ላስታውስ ሞከርኩ። የሰማሁት ራሴን ነው።

ይቅር በይኝ አልልሽም፤ ማን ይመልስልኛል። ነገ እሑድ ነው። እማ "በይው" ስትለኝ እናገራለሁ።

ዲዳሽ