እጄ ነው ወይስ ጨዋታው

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ቁማር አልጀመርኩም። ሰፈራችን አዲሱ ገበያ ውስጥ «አሮጊቷ ቴሌቪዥን ላይ ቤቲንግ ትጫወታለች» እየተባለ እንደሚወራ ከጸሎት ቡድናችን እቴነሽ ነግራኛለች። ስህተት ነው። የምጫወተው የልጅ ልጄ ሐና ያመጣችልኝን የቪዲዮ ጌም ነው፤ አንዲት መንገደኛ ዋሻና ገደል እያቋረጠች የምትሄድበት። ስትሮክ ለመታው ግራ እጄ ይበጃል ያለው ሐኪሙ ነው። እጄ ካልተሻለው ቤቴን ዘግቼ ከልጄ ጋር እንድኖር ተወስኗል። እኔን የጠየቀኝ የለም።

ጨዋታው በተለያየ ዓመት እየተሠሩ የወጡ ብዙ ክፍሎች አሉት፤ ከድሮው ጀምሬ በቅደም ተከተል ስጫወታቸው ነበር። የመጀመሪያው ክፍል መንገድ አያሳይም፤ የወደቀን ሰው እንደገና ከመነሻው ያስጀምራል። እዚያ ያለውን የገመድ ድልድይ ማለፍ አቅቶኝ መንገደኛዋን ሐና አሻገረችልኝ። ዛሬ ግን የመጨረሻውን ክፍል ያለማንም እርዳታ ጨረስኩ። አውራ ጣቴ ታዘዘልኝ ብዬ ደስ አለኝ።

ማታ ሐና ስትመጣ ነገርኳት። ሳቀች።

«እማማ፣ አዲሶቹ እኮ ቀላል ናቸው። ሊወድቁ ሲሉ ጨዋታው ራሱ ይይዝዎታል። የድሮውን ማን ይችለዋል፣ እኔንም አስለቅሶኛል።»

«እጄስ ታዲያ?»

«እ... እሱም ተሽሎታል መሰለኝ።»

መሰለኝ መልስ አይደለም። እሷም ስላወቀችው ስልኳን ማየት ጀመረች።

ነገ መጀመሪያ እጸልያለሁ። እጄን በሞቀ ውሃ አፍታታለሁ። ከዚያ ሐና ሳትመጣ የመጀመሪያውን ክፍል ከፍቼ ድልድዩን እሞክራለሁ።