ከ«አውጉስታ ፔል» ያልተመለሱት የሊዮናርድ ዎይታስ የሕይወት ታሪክ

ሊዮናርድ ዎይታስ ከአባታቸው ከአቶ ስታንሊ ዎይታስና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሄለን እ.ኤ.አ. ግንቦት 11 ቀን 1966 በሂውረን ሐይቅ ዳር፣ በሮጀርስ ሲቲ ተወለዱ። ይህን የምታነበው አይሪን ታላቅ እህታቸው ስለሆነች፣ ማሞገስ ብቻ አይጠበቅባትም።

ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በ1984 አጠናቀቁ። ጎበዝ ተማሪ ነበሩ ብንል ውሸት ይሆንብናል። በዚያው ዓመት የጎረቤት ጀልባ ሞተር ወድቆ ሲሰጥም፣ በተውሶ የአየር ጠርሙስ ጠልቀው አወጡት፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ልባቸው እዚያው ውሃ ውስጥ ቀረ።

ሠላሳ ዓመት በብረት ብየዳ ሠርተዋል። በ1993 ከወይዘሮ ኮሊን ጋር ትዳር መሥርተው ብሪጅትንና ሜሪቤትን አፍርተዋል። ልጆቹ ዋና ሳይችሉ ብስክሌት አልተገዛላቸውም። እሳቸው በጭስ ያደረቁት ዓሣ ያልደረሰው የሰፈር ቤትም የለም።

በ2003 ከባልንጀራቸው ከኖርበርት ክሊንግ ጋር፣ በ1911 የሰጠመችውን «አውጉስታ ፔል» የተባለች የጭነት መርከብ በስልሳ ስምንት ሜትር ጥልቀት አገኟት። የዚህ ሥራ ሕግ ሁለት ነው። ወደ መርከብ ሆድ የሚገባ ሰው ከበሩ ጀምሮ ክር ይዘረጋል፤ ዝቃጭ ተነሥቶ ዓይን ሲጋርድ ክሩን ዳብሶ ይወጣል። በር ላይ የሚጠብቀው ደግሞ እስከተስማሙበት ደቂቃ ብቻ ይቆያል። «በአንድ ሰው ስህተት ሁለት ሴት መበለት አትሆንም» እያሉ ሁለተኛውን ሕግ ኖርበርትን ያስማሏቸው ሊዮናርድ ራሳቸው ነበሩ።

የመጀመሪያውን ግን ጣሱት። ነሐሴ 17 ቀን 2019 ጠዋት፣ ጀልባው ላይ ኖርበርት ክሩን ሲያቀብሏቸው ሳቁ።

«ገዛ ቤቴ ገብቼ ጓዳ ለመድረስ ክር ልዘርጋ እንዴ?»

መርከቧ ውስጥ አርባ ጊዜ ገብተዋልና እጃቸው ግድግዳዋን ያውቀው ነበር። ይህ ጀማሪ የማይሠራው ስህተት ነው፤ እህታቸው እስከ ዛሬ ትናደድባቸዋለች። የሞተሩ ክፍል ጣሪያ ተደርምሶ ዝቃጩ ሲነሣ፣ የሚዳብሱት ክር አልነበረም። ከአራት ቀን በኋላ የተገኙት ከበሩ ስድስት ሜትር ርቀው፣ ፊታቸው ወደ ውስጥ እንደዞረ ነበር። አንድ ቀን እንኳ ታመው አልጋ ላይ ሳይውሉ በሃምሳ ሦስት ዓመታቸው ተለዩን።

ኖርበርት ብቻቸውን ወጡ። ከዚያ ጥልቀት የሚወጣ ሰው ቢቸኩል ደሙ ውስጥ የገባው ጋዝ ይገድለዋል፤ ስለዚህ የሆነውን እያወቁ ገመድ ይዘው አንድ ሰዓት ተኩል ውሃ ውስጥ ቆዩ። ከተማችን ግን ጓደኛውን ጥሎ ወጣ ብሎ አማቸው። እውነቱ ይነገርና ኮሊንም አምተዋቸዋል፤ ይህችም አንባቢ አምታቸዋለች።

ከአደጋው በሦስተኛው ቀን፣ አስከሬኑ ገና ሳይገኝ፣ ኖርበርት መጥተው የኮሊን ደጃፍ ላይ ቆሙ። ኮሊን በሩን ገርበብ አደረጉት።

«ስንት ደቂቃ ጠበቅከው?»

«ስምንት።»

«የተስማማችሁትስ?»

«ሦስት።»

ከጠላቂ ጋር ሃያ ስድስት ዓመት ለኖሩ ሴት፣ እነዚያ አምስት ደቂቃዎች ኖርበርትንም ሊያስቀሩ ይችሉ እንደነበር ማስረዳት አላስፈለገም። በሩን ወለል አድርገው ከፈቱላቸው፤ ተቃቅፈውም አለቀሱ።

ዛሬ የሬሳ ሣጥኑን በቀኝ በኩል ከፊት የሚሸከሙት ኖርበርት ናቸው። ቦታውን ማንም እንዳይሻማቸው ኮሊን አደራ ብለዋል።

ሊዮናርድ ባለቤታቸውን ኮሊንን፣ ልጆቻቸውን ብሪጅትንና ሜሪቤትን፣ እህታቸውን አይሪንን እንዲሁም ወንድማቸውን ኖርበርት ክሊንግን ትተው አልፈዋል። ወንድማቸው የሚለው በስህተት የገባ አይደለም፤ ኮሊን ናቸው ያስጻፉት።

እግዚአብሔር የሊዮናርድን ነፍስ በብርሃኑ ያሳርፍልን። ለሚወዷቸው ሁሉ፣ ከሁሉም በላይ ስምንት ደቂቃ ለጠበቋቸው ሰው፣ እንቅልፍ የሚሰጥ መጽናናት ይላክላቸው። አሜን።