ምራቴን «ለምን ትማሪያለሽ?» ላሉት ኃላፊ

ይድረስ ለክቡር የኮሌጁ የምዝገባ ኃላፊ፣
አሰላ

ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የማይነቃነቅ እንዲሆን ከጢቾ እመኛለሁ። ነጋሳ ቦና እባላለሁ፤ ፊደል ያልቆጠርኩ ገበሬ ስለሆንኩ እኔ እየተናገርኩ ሰው እየጻፈልኝ ነው። ባለፈው ሰኞ ለቅዳሜና እሁድ ትምህርት፣ የዕፅዋት ሳይንስ ልመዝገብ ብላ መጥታ የመለሷት ቀለሟ የሟች ልጄ ሚስት ናት። ምዝገባው ዓርብ ስለሚያበቃ ምስጋናዬን ሳልዘገይ ላቅርብ።

፩. የአርባ ሦስት ዓመቷን ሴት «እማማ» ብለው ስላከበሩልን እናመሰግናለን። ፀጉርዎ ከፊት መሸሹን ስትነግረኝ ታላቅ ወንድሟ ቢሆኑ ነው ብያለሁ።

፪. «ለምን ትማሪያለሽ?» ብለው ቢጠይቋት «ማወቅ ስለምፈልግ» አለችዎ። «ይህ ምክንያት አይሆንም፣ ከመሥሪያ ቤትሽ ደብዳቤ አምጪ» አሏት። የእሷ መሥሪያ ቤት ማሳው ነው፤ ስንዴ ደግሞ ደብዳቤ አይጽፍም። አምና ስንዴያችንን ዋግ ሲመታው እኔ ሰማይ ሰማይ እያየሁ ተቀመጥኩ። እሷ ግን የልጇን የፈናንን የኮሌጅ መጻሕፍት አውጥታ፣ በሽታው ከየት እንደሚመጣ፣ የጎረቤቱን አልፎ የእኛን ለምን እንደያዘ ስትፈልግ ከረመች። ግማሹን አገኘችው። እንቅልፍ የነሳት የቀረው ግማሽ ነው። ሰው ከጎለመሰ በኋላ ትምህርት ቤት የሚሄደው ለዚህ ይመስለኛል፤ ሌላ ምክንያት ካለ እርስዎ ያውቃሉ፣ የተማሩት እርስዎ ነዎት።

፫. ፈናን በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ስትመዘገብ ለምን ያላት የለም። ደግነቱ አልተጠየቀችም እንጂ መልስ አልነበራትም፤ ጓደኞቿ ስለሄዱ ነው የሄደችው።

፬. «ቤትሽ እረፊ» ብለው ለሰጧት ምክርም እናመሰግናለን። ከተመለሰች ወዲህ የተለቀመ ምስር እንደገና ትለቅማለች፣ ደጅ ትወጣለች፣ ትገባለች፣ ተመልሳ ትወጣለች። እሷን እያየሁ እኔም መቀመጥ አቅቶኛል። በዚህ ጉዳይ ያረፉት እርስዎ ብቻ ነዎት።

ስለዚህ ዓርብ በመጀመሪያው መኪና ሁለታችንም እንመጣለን። እሷ መልሷን አትቀይርም፤ እኔም በርዎ ላይ መቆም አይታክተኝም።

ለጥያቄዎ ጥልቀት ካለሁበት ሆኜ እጅ እየነሳሁ፣

ነጋሳ ቦና
(የአውራ ጣቱ ምልክት)

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን የጻፈችው ራሷ ቀለሟ ናት። «ክቡር» የሚለውን የጨመረችው እሷ ናት። እኔ የተናገርኩት ሌላ ነበር፤ «አባባ፣ ይሄ አይጻፍም» እያለች ብዙውን አስቀረችው። ካልመዘገቧት ያስቀረችውን ዓርብ በአፌ እነግርዎታለሁ።