አውራ ጣቴ የቆመበት

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣ ሃርሊንገን።

የባሕሩ ነፋስ እንዴት ይዞሻል? ያ ሳልሽስ ለቀቀሽ? እኔ ደኅና ነኝ፤ ከደኅናም በላይ። ልደውልልሽ ስልኩን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት። ስንደዋወል አንቺ ትቸኩያለሽ፤ ዛሬ ቀስ ብለሽ እንድትሰሚኝ እፈልጋለሁ።

አሸነፍን፣ እማዬ! ወይም ማሸነፍ የሚመስል ነገር። ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

“ዩትሬክት ተቀምጣችሁ ቀኑን ሙሉ ስልክ እያያችሁ ደሞዝ ትበላላችሁ” ብለሽ የሳቅሽብን እውነትሽን ነው። ክፍላችን ውስጥ ስልኮች ተደርድረዋል። እያንዳንዱ “የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነኝ” ብሎ የተመዘገበ፣ የትም የሌለ ልጅ ነው። የአውሮፓ ሕግ ትልልቆቹን የማኅበራዊ ሚዲያ ድርጅቶች “ልጆችን ከጉዳት ጠብቁ” ይላቸዋል። እነሱም “እንጠብቃለን” ይላሉ። እኛ መጠበቃቸውን እናያለን። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ የሚወደው ነገር እንሰጠዋለን፤ ሌላውን ቪዲዮ ሁሉ እኛው በጣታችን እኩል እያየን እናሳልፋለን። ጣት መቆም የለበትም። ቪዲዮ እየመረጠ የሚያመጣው ማሽን የሚያነበው ጣት የቆመበትን ነውና።

ባልደረባዬ ይልተ ለስልኮቹ ልደት ኬክ ያመጣል። ክብ ሠርተን እንቀመጥና፣ እንደ ወጉ፣ ሁላችንንም በየተራ እየጨበጠ “በፍሌር ልደት እንኳን ደስ አለሽ” ይላል። ፍሌር ፈረስ እንድትወድ ያደረግናት ስልክ ናት።

የስልኮቹ ነገር ያስደነግጣል። ቪዲዮው ከፈረስ ወደ ቀጭን ጋላቢ ይሄዳል። ከቀጭን ጋላቢ ወደ ቁርስ መተው። ከዚያ ምሳም፣ እራትም። ማንም ሳይጠይቅ። ሌሎቹም በየራሳቸው መንገድ እዚያው ይደርሳሉ።

ሰኞ ጠዋት ይልተ ከጥግ ጮኸ። “ኑ እዩ! ልጃችን ጉድ አፍልታለች! በአሥራ ሦስት ዓመቷ!” አለ። የፍሌር ስልክ አልጋ በአልጋ ሆኗል፤ የሕፃን አልጋ። ትንንሽ ካልሲ። ሆዳቸውን የሚያሳዩ ሴቶች። ሳቅን። አለቃችን ሄድዊግ ጆሮዋ ቀላ። “ሐሙስ ብራስልስ ተቆጣጣሪዎቹ ፊት መጀመሪያ የምናሳየው ይሄን ነው” አለች። ይልተ “ጋዜጣው ሁሉ ያብዳል!” አለ።

እኔም ሳቅሁ። ከሁሉም በላይ።

ከዚያ በፊት በነበረው ቅዳሜ ተረኛዋ እኔ ነበርኩ። በቀጥታ ከሐኪም ዘንድ ነበር የመጣሁት፤ ካፖርቴ እንኳ እርጥብ ነው። በፍሌር ስልክ ላይ፣ በሁለት ፈረሶች መካከል አንዲት እጅ መጣች። ትንሽ። የሰው ጣት ጨብጣ። አውራ ጣቴ ቆመ። ቪዲዮው አልቆ እንደገና ጀመረ። አላሳለፍኩትም። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። አስቢው፤ ከባሌ ከሩርድ በፊት፣ ካንቺ በፊት፣ እኔም ለራሴ በቃል ሳልናገረው፣ ያ ማሽን አወቀ።

ዝም ብል? ሥራችን የሚታመነው የሰው እጅ ስላልገባበት ነው። አንዷ ውሸት ከፊት ብትሄድ እውነተኞቹ ሁሉ ተከትለዋት ይወድቃሉ። ስልክ ያልሆኑት ልጆች፣ ቁርስ የማይበሉት፣ አብረው። ብናገር ደግሞ ጣቴ ለምን እንደቆመ መናገር አለብኝ። ሄድዊግ ካንቺ ቀድማ እንድትሰማ አልፈለግሁም። ይቅር በይኝ።

ወደ ሄድዊግ ሄጄ “ፍሌርን ያበላሸኋት እኔ ነኝ” አልኳት።

“ምን አይተሽ ነው የቆምሽው?” አለች።

“እጅ።”

“የማን እጅ?”

“የትንሽ ሰው።”

ፊቴን አላየችም፤ ዓይኗን ዝቅ አድርጋ ሆዴን አየች። ተነሥታ የራሷን ወንበር፣ ደህናውን፣ ገፋችልኝ። “ቁጭ በይ። ፍሌር ከዝርዝሩ ወጥታለች። ጣት ቆመ ተብሎ ይጻፋል፤ የቀረው የማንም ጉዳይ አይደለም” አለች። ይልተ አኮረፈ። “ከእናንተ ጋር ሰው ታዋቂ አይሆንም!” አለ።

ሐሙስ የማኅበራዊ ሚዲያው ድርጅት ጠበቃ ተነሣ። ትሑት ሰው። እጁ ላይ አንድ ወረቀት ነበር። “የሰው ጣት ከልኩ በላይ የቆመበት ስልክ የለም?” ብሎ ጠየቀ። ቅዳሜን አይተዋል፤ እነሱ የማያዩት የለም። ሄድዊግ ግን ድምፅዋን እንኳ ሳትቀይር “አለ፤ አንድ። አውጥተነዋል፤ ማውጣታችንንም ጽፈናል” አለችው። ወረቀቱን አጠፈው። ተቀመጠ።

ከዚያ የተቆጣጣሪዎቹ ሰብሳቢ የቀሩትን ስልኮች አንድ በአንድ ጠይቃ አየች። ስትጨርስ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን አሸች። ምርመራ ይከፈታል፣ እማዬ! ይልተ ያገኘውን ሁሉ ሦስት ሦስት ጊዜ ሳመ፤ የጠበቃውን ረዳት ሳይቀር።

ሩርድ ሰላም ይልሻል። ትንሿን ክፍል ባዶ አድርጎ ቢጫ እየቀባት ነው። ለመጻሕፍት ነው ይላል፤ እንዳታምኚው።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እኅቴ ዊትስከ የወለደች ጊዜ ለመንደሩ ሁሉ ያደልሽው ባለ አኒስ ብስኩት፣ ያ የምትገዢበት ሱቅ አሁንም አለ? አሁን አትግዢ፤ ይለሰልስብሻል። ቱሊፑ ሲያብብ እነግርሻለሁ።

እግዚአብሔር ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፤ ቤትሽን በድምፅ ይሙላው።

የምትወድሽ ልጅሽ