ውሃ አልይዝ ያለችው ድንቡሼ

ውድ ልጄ፣

እንዴት ነህልኝ? የምራቴ ወገብ ተሻላት? የብሬመን ዝናብስ እንደ ልማዱ ነው? እኛ ደህና ነን። «ደህና ነን» የሚለውን ስታነብ ግንባርህን እንደምትቋጥር አውቃለሁ፤ ታገሰኝና እስከ መጨረሻው አንብበኝ። በስልክ ያልነገርኩህ፣ ስልክ በጠራ ቁጥር አባትህ አጠገቤ ስለሚቀመጥ ነው። ደግሞም በስልክ አንተ ነገር ታቋርጣለህ። ወረቀት ላይ አፍ የለህም።

ያን ቀን «የመኪናዋን ቁልፍ ከአባዬ ውሰጂበት፤ አንቺ ካልቻልሽ ለፋሲካ መጥቼ እኔ እወስደዋለሁ» ስትለኝ ስልኩን ጆሮህ ላይ ዘጋሁብህ። ይቅርታ አልጠይቅህም። ተሳስተህ ብትሆን ኖሮ ያን ያህል ባልተናደድኩ ነበር። ከዚያ ወዲህ በደወልክ ቁጥር «አሁን ውጭ ነን፣ በኋላ» እያልኩ የምዘጋብህም ለዚሁ ነው።

ሐኪሙ በመኸር ስለ አባትህ መርሳት የነገረንን ታውቃለህ። አባትህ ከክሊኒኩ ወጥቶ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ከፊቴ ከፊቴ ሄደ። አውቶቡሱ ሲመጣ «በይ የአትክልት ቦታችንን እንሽጠው» አለኝ። አንተ ከቼሪው ዛፍ ላይ ወድቀህ ክንድህን የሰበርክበትን ያንን ቦታ ሸጥነውና፣ ከሆፍ ከተማ ድንቡሼን ገዛናት። አንተ «አብዳችኋል እንዴ? በዚህ ዕድሜ ቤት ተሸክማ የምትዞር አሮጌ መኪና?» አልከን። እሺ፣ አብደናል። ግን ስማኝ። አንተ ሳትወለድ፣ ጀርመን ለሁለት ተከፍላ ድንበሩ ገና ዝግ ሳለ፣ ከሰው በተዋስነው ድንኳን ባልቲክ ባሕር ዳር ዝናብ ሲደበድበን አድሮ፣ አባትህ ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ «አንድ ቀን በወዲያኛው በኩል፣ መሬት እስከሚያልቅበት፣ ፖርቱጋል ድረስ እወስድሻለሁ» ብሎኝ ነበር። ድንበሩ ሲከፈት ደግሞ እሱ መካኒክ የነበረበት የአውቶቡስ ጋራዥ ተዘጋ፣ ሥራ ፍለጋ መጣ፣ አንተን ማስተማር መጣ፣ የእናቱ ሕመም መጣ። አሁን ወይ እንሄዳለን ወይ እንቀራለን። ሌላ ዓመት ብንጠብቅ አጠገቤ የሚቀመጠው ሰው ያን ድንኳን ላያስታውሰው ይችላል። የፈራሁት እሱን ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም።

ድንቡሼ ያላት እሱ ነው። ነጭ ናት፣ ክብ ናት፣ ዳገት ላይ ታለከልካለች። በመጣች ሳምንት ያልታመመችበት ቦታ አልነበረም። መውጫ ደረጃዋ አልታጠፍም አለ፤ ዝገቱን ፍቆ፣ ዘይት አጠጥቶ አጠፈው። የፍሬን መብራቷ እንደፈለገው ይበራል ይጠፋል፤ ገመዱ በጎማው በኩል ተልጦ አገኘው። ፍሪጇ አልቀዘቅዝም ሲል እኔ «በቃ ሞቷል» ብዬ ነበር። እሱ ግን ጓሯችን ተዳፋት መሆኑን አይቶ፣ የኋላ ጎማዋ ስር ጣውላ አስገባና «ይሄ ፍሪጅ ዘሞ ከቆመ አይሠራም፤ ሰው እንኳ ዘሞ እንቅልፍ አይወስደውም» አለኝ። በማግሥቱ ቅቤው ድንጋይ ሆነ። የድሮ ቱታውን ለብሶ፣ ካቻቢቴውን ኪሱ ውስጥ ሰክቶ ያፏጭ ነበር። ፉጨቱን ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ! ልቤ ወደ ቦታዋ ተመለሰች።

ከዚያ የውሃው ነገር መጣ።

አባትህ የውሃ ጎማ ከኩሽናው ዘርግቶ ታንከሯን ሞላ፤ ፓምፑን ከፈተ። እኔ ፎጣ ይዤ እስክወጣ ውሃው ከስሯ እየተንዠቀዠቀ ጓሮውን አጥለቅልቆታል። መጋቢት ገና መግባቱ ነው፤ ጠዋት ጠዋት በረዶ ይጋግራል። ጎረቤታችን ወይዘሮ ሆርንበክ ውሻቸውን ይዘው ሲያልፉ ቆም አሉና «ምነው አቶ ፎልክማር፣ ሙሽራዎ ሽንቷን መቋጠር አቃታት?» አሉ። አባትህ ከመኪናዋ ስር ሆኖ «ምን ላድርጋት ወይዘሮ ሆርንበክ፣ ገና እርስዎ ዕድሜ ላይ ሳትደርስ ጀመራት!» አላቸው። እየሳቁም እየተራገሙም ሄዱ።

መጀመሪያ ፓምፑን ፈታ። ፓምፑ ደህና ነው። ቱቦዎቹን አንድ በአንድ በጨርቅ እየጠረገ ዳበሳቸው። ደረቅ ናቸው። የመጋጠሚያውን ላስቲክ፣ ጓርኒሲዮኑን፣ ገዝቶ መጣና ቀየረ። ሞላ፤ ፈሰሰ። ደግሞ ቀየረ፤ ደግሞ ሞላ፤ ደግሞ ፈሰሰ። ከውሃ ማሞቂያዋ አጠገብ በጣት የምትጫን አንዲት ቢጫ መጫኛ አለች። ስትጫናት ትገባለች፤ እጅህን ስታነሳ ጧ ብላ ትወጣና ውሃው ሁሉ በሷ በኩል ይሄዳል። «ስፕሪንጓ ሞታለች» አለ። ስፕሪንጓን ፈትቶ አያት፤ ደህና ናት። «ጋራዥ እንውሰዳት» ብለው «ጋራዡ ማን ሆነና! ጋራዡ እኔ ነኝ» አለኝ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከውስጥ ጮኾ ጠራኝ። የመቀመጫውን ክዳን አንስቶ ቆሟል፤ ፊቱ በንዴት ቀልቷል። «ይህን ፓምፕ ማን ነው ፈትቶ የወረወረው? መካኒክ ነኝ ባይ ሁሉ ነክቶታል እኮ!» አለኝ። ጠዋት የፈታው ራሱ ነው። ባትሪ ያበራሁለት እኔ ነኝ። ምን ልበለው? «እንጃ፣ የሸጡልን ሰዎች ይሆናሉ» አልኩት፤ እንደ ቂል። እጁን አየ። ጥፍሩ ስር ያለውን ጥቁር ቅባት አየ። ገባው። ልጄ፣ ያን ፊቱን ባላየሁ! 

ደረጃዋ ላይ ተቀመጠና «ስሚኝ» አለኝ፤ «ይህን ውሃ እኔው ራሴ ካላስቆምኩት ሸጠን እንገላገላት። ቁልፉን ለልጅሽ ስጪው፤ እኔም ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ የምትሉኝን እሆናለሁ። ካስቆምኩት ግን ማንም አይንካኝ።» ስታስቆጣው የእኔ ልጅ፣ ስትጎብዝ የሱ ልጅ መሆንህን መቼም ታውቃለህ።

እኔ አላስቻለኝም። ዳቦ ልገዛ ብዬ ወጣሁና ዳቦ ቤቱ በራፍ ላይ ቆሜ፣ መኪናዋን ለሸጡልን ለወይዘሮ ራይዚንገር ደወልኩ። ባላቸው ሲሞቱባቸው ነው የሸጧት። «ውሃ አልይዝ አለችን» ስላቸው ከት ብለው ሳቁ። «ኧረ እሜቴ፣ አልተበላሸችም እኮ! ሲበርዳት ራሷ ነው የምትለቀው። ውሃው ሆዷ ውስጥ በረዶ ከሆነ ማሞቂያዋ ይሰነጠቃል፤ እንዳይሰነጠቅ ብርዱ ሲሰማት ከፍታ ሁሉንም ታፈሰዋለች። መጀመሪያ ውስጧን አሙቁት፤ ከሞቀ በኋላ መጫኛዋን ብትጫኑ እሺ ብላ ትቀመጣለች። የኔ ባል ግን ትዕግሥት የሚባል ስላልፈጠረበት በሰማያዊ የእንጨት የልብስ መቆንጠጫ ነክሶ ይይዛት ነበር። የለችም እንዴ መቆንጠጫዋ?» አሉኝ። ከዚያ ስለ ባላቸው ማውራት ጀመሩና አለቀሱ። እኔም ዳቦ ቤቱ በራፍ ላይ አብሬያቸው።

መቆንጠጫዋማ አለች! መኪናዋ በመጣች ቀን ስወለውል «ይቺ ደግሞ እዚህ ምን ትሠራለች» ብዬ ነቅዬ፣ ከኔዎቹ የፕላስቲክ መቆንጠጫዎች ጋር ገመድ ላይ የሰቀልኳት እኔው ነኝ። የፈረደበት ሰውዬ ሳምንት ሙሉ ከመሬት ጋር ሲታሽ፣ እሷ የሱኑ ካልሲ ይዛ ነፋስ ትቀበላለች።

እንግዲህ ምን ይሻላል? ብነግረው ውሃውን ያስቆመው እሱ አይሆንም፤ ከአፉ የወጣውን ደግሞ እንደማያጥፍ ታውቀዋለህ። ዝም ብዬ ብተወው ደግሞ ፓምፕ ሲፈታ፣ ሲገጥም፣ ሲረሳ ሊያብድብኝ ነው። ዳቦውን ረስቼ ተመለስኩ። በማግሥቱ እሱ ሲላጭ ሹልክ ብዬ ገባሁና የድንቡሼን የጋዝ ማሞቂያ ከፈትኩት። «ፍራሹ እርጥበት ይዞታል፣ ይድረቅ ብዬ ነው» አልኩት። «ጥሩ» አለኝ።

ረፋዱ ላይ ቱታውን ለብሶ ገባ። ሞላ። መጫኛዋን ተጫነ፤ እጁን አነሳ። ቁጭ አለች! ፓምፑ ትንሽ አጉረመረመና ዝም አለ። ከስሯ ጠብ የሚል የለም። እኔ ኩሽናው መስኮት ላይ ድንች እየላጥኩ እንደ ሌባ አያለሁ። አሁን ይፈነጥዛል ብዬ ብጠብቅ፣ እንደ ቆመ ቀረ። ከዚያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ማሞቂያውን አጠፋ። በሩንም መስኮቱንም ብርግድ አድርጎ ከፈተና ደረጃዋ ላይ ተቀምጦ መጠበቅ ጀመረ። ነፋሱ ያን ቀን ቆዳ ይገፍ ነበር። ጃኬት ይዤለት ብወጣ «ሂጂ ሂጂ» ብሎ በእጁ አባረረኝ። ቆየ፣ ቆየ፣ ከዚያ ጧ! ውሃው ሁሉ ጓሮው ላይ ተዘረገፈ። እኔ «ወይኔ!» ብዬ ድንቹን ጣልኩት። እሱ ግን እየሳቀ ነበር፣ ልጄ።

ብስክሌትህ ቋ ቋ ሲል ከርሞ ዝም ሲል «አባዬ፣ ራሱ ተሻለው» ስትለው፣ «ራሱ የሚሻለው ብልሽት የለም፤ ደግመህ ልታመጣው ካልቻልክ አላገኘኸውም» ይልህ የነበረውን አስታወስክ? በሩን ዘጋ፣ አሞቀ፣ ሞላ፣ ተጫነ። ቁጭ አለች። ያን ጊዜ ነው «ነይ እጅሽን ታጠቢ!» ብሎ የጠራኝ። ሙቅ ውሃ! በዚያች የሾርባ ሳህን በምታክል ገንዳ ላይ ሁለታችንም ተጋፍተን እጃችንን ታጠብን። «ብልሽት አይደለም። ይህችን የሠራ ሰውዬ ብልህ ነው» አለኝ። ቀጥሎ ከኪሱ ሰማያዊዋን መቆንጠጫ አወጣና «መጫኛዋ ላይ የዚህች መቆንጠጫ ጥርስ ምልክት አለ። አንቺ ደግሞ በሕይወትሽ የእንጨት መቆንጠጫ ገዝተሽ አታውቂም» አለኝ። ፊቴ ቲማቲም መሰለ።

ውርርዱን በላ ማለት ነው። ማንም አይነካውም። እኔም «አባትህ ይነዳል፤ አንተ አርፈህ ተቀመጥ» ብዬ ልጽፍልህ ወረቀት አውጥቼ ነበር።

የምንነሳ ዕለት ሻንጣው ገብቷል፣ ቋሊማው ተጠቅልሏል፣ ወይዘሮ ሆርንበክ ውሻቸውን አቅፈው ሊሸኙን ቆመዋል። እኔ እንደ ሁልጊዜው ከሾፌሩ ጎን ተቀምጬ ቀበቶዬን አስሬያለሁ። አባትህ ዞሮ መጣና በሬን ከፈተው። «ውረጂ» አለኝ። ምን ረስቼ ይሆን ብዬ ወረድኩ። ቁልፉን መዳፌ ውስጥ አኖረው፤ ሰማያዊዋ መቆንጠጫ ታስራበታለች።

«ምን ሆነሃል? አሸንፈሃል እኮ!» አልኩት። «አሸንፌያለሁ። ስለዚህ ቁልፉ የኔ ነው። የኔ ከሆነ ደግሞ ለፈለግሁት እሰጠዋለሁ» አለኝ። ከዚያ ወይዘሮ ሆርንበክ እንዳይሰሙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጓርኒሲዮኑን ልገዛ የሄድኩ ቀን መብራት ላይ ቆምኩ። አረንጓዴው በራ። አረንጓዴ ሲበራ ምን እንደሚደረግ ጠፋኝ። ከኋላዬ ጡሩንባ ይነፋሉ፤ እኔ አረንጓዴውን እያየሁ ቆሜያለሁ። አንቺ ለልጃችን ንገሪው፤ እኔ አፌ አይታዘዝልኝም» አለኝ። ይኸው ነገርኩህ። እዚያው ጓሮ ውስጥ አንገቱን አቅፌ አለቀስኩ፤ ወይዘሮ ሆርንበክ ምንም ሳያውቁ አብረውኝ አለቀሱ።

እኔን ታውቀኛለህ፤ መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ጀምሮ የነዳሁት የገበያ ጋሪ ነው። ማርሽ ሳስገባ ድንቡሼ እመር ብላ ዘለለች። አባትህ «ፍሪሲዮኑን ቀስ! ቀስ ብለሽ ልቀቂው፤ ምን አድርጎሽ ነው የምትረግጪው!» ይላል። የወይዘሮ ሆርንበክን አጥር ለጥቂት ሳትኩት። እሳቸው ደግሞ ከኋላችን «ሽንቷ ቆመላት ስል፣ አሁን ደግሞ ጠጥታለች እንዴ!» እያሉ ይጮኻሉ። መንገዱን የሚያነብልኝ አባትህ ነው። ያነበበውን አንዳንዴ መልሶ ያነብልኛል፤ እኔም መልሼ እሰማዋለሁ።

«ውጭ ነን» ስልህ አልዋሸሁህም፤ ቴምብሩን እየው። መሬቱ እዚህ ያልቃል፤ ከዚያ ወዲያ ውሃ ብቻ ነው። ድንቡሼን አፍንጫዋን ወደ ባሕሩ አድርጌ አቁሜያታለሁ። ጎማዋ ስር ጣውላ አለ፣ ፍሪጁ ይቀዘቅዛል፣ ውሃችንም ሙቅ ነው። ለፋሲካ ቁልፍ ልትወስድ ብለህ አትልፋ፤ ቁልፉ እኔ ዘንድ ነው። አባትህን ልታይ ከሆነ ግን ምራቴን ይዘህ ና። አትዘግይ።

እሱ ደስ ብሎታል። ጠዋት ከእኔ ቀድሞ ይነሳና መጋረጃውን ይገልጣል። ባሕሩን ሲያይ «ተነሺ፣ ተነሺ፣ ደርሰናል!» ብሎ ይቀሰቅሰኛል። ትናንትም እንዲሁ ብሎ ነው የቀሰቀሰኝ። ከትናንት ወዲያም። እኔም ተነስቼ ከጎኑ እቆምና «አዎ፣ ደረስን» እለዋለሁ።

ቤታችሁ ሙቀት አይጣ፣ መንገዳችሁ ይቅና፣ የምራቴን ወገብ እግዜር ያቅናላት። በዓይነ ሥጋ ያገናኘን።

ሾፌሯ እናትህ