ካልተነሳች ትነሳለህ

ሰኞ

አቃጠልኳት። ገና የመጀመሪያ ቀኔ ነው፣ ሰው ስሜን እንኳ በቅጡ አልያዘውም፣ እኔ ግን የቀጠሩኝን ሴትዮ ብቸኛ የጀልባ ሞተር አቃጥያለሁ።

ጧት ሞተሯን ከጀልባዋ ኋላ ፈትተው አመጡና እንጨት ላይ አሰሩልኝ። ካንዴላዋን አጸዳሁ። የቤንዚን ቱቦዋን ነፋሁ። ገመዷን ስስብ ወዲያው ተነሳች። ደስ ብሎኝ! ዓሣ አስጋሪዎቹ ከበውኝ ቆመዋል፤ እኔም ይዩልኝ ብዬ ነዳጅ ጨመርኩላት፣ እንድትጮህ። ስትጮህ ትንሽ ቆየች። ከዚያ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተኝ። ሳጠፋት እጄን ማስጠጋት አልቻልኩም።

ለካ የጀልባ ሞተር የምትበርደው ከሐይቁ ውኃ እየሳበች ነው። ወደ ታች የወረደው እግሯ ውኃ ውስጥ ካልገባ መነሳት የለባትም። ባጃጅ ነፋስ ይበቃታል፣ ደብረ ታቦር ላይ ደግሞ ነፋስ ሞልቷል። ማን ነገረኝ? ማንም። ጠየቅሁ? አልጠየቅሁም። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል፤ እኔ ጠምጥሜ መጣሁ።

የጀልባዋ ባለቤት ወይዘሮ ዘውዴ የዓሣ መጋዘናቸው በር ላይ ቆመው ሁሉንም አይተዋል። ለተዝካር ደብረ ታቦር መጥተው የተሳፈሩባት ባጃጅ መንገድ ላይ ቆማ፣ እኔ ስጠግናት አይተው ነው «ና ሐይቅ ዳር ሥራልኝ» ያሉኝ። ዛሬ ሽታው ሲደርሳቸው ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ውስጥ ገቡ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

የምተኛው የመረብ ማስቀመጫ ውስጥ ነው። ትንኙ ጉድ ነው። ዓሣ ዓሣ እሸታለሁ፣ አንድ ዓሣ ሳልነካ።

ማክሰኞ

እግሯን ፈታሁት። ውኃ የምትስበው በአንዲት ትንሽ ጎማ ነው፤ ዙሪያዋን እንደ አበባ ክንፍ ክንፍ አላት። ክንፎቹ ቀልጠው ተጣብቀዋል። ሌላው ሁሉ ደህና ነው፣ ተመስገን። ባሕር ዳር ያለው መለዋወጫ ሻጭ ግን ጎማዋ ከአዲስ አበባ ነው የምትመጣው ይላል። «መቼ?» ሲሉት «ዛሬ ነገ»።

የጀልባዋ ነጂ አያ ደሴ ናቸው። ሽማግሌ ናቸው፣ ቀስ ብለው ነው የሚያወሩ። ትናንትም ሞተሯን ሳስነሳ አጠገቤ ነበሩ። ሆዴ አልቻለምና ጠየቅኋቸው።

«አያ ደሴ፣ ውኃ እንደሚያስፈልጋት አንቱ አያውቁም ነበር?»

«አውቃለሁ እንጂ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉኝ?»

«ባለሙያ ነው ተብሎ የመጣን ሰው በሰው ፊት ምን ብዬ ላርም? አዲስ ዘዴ አምጥቶ ይሆናል ብዬ ነው እንጂ።»

ልቆጣ ነበር፣ ሳቄ መጣ። ሁሉም ያውቁ ነበር! ሁሉም ይሉኝታ ይዟቸው ሳቃጥላት ያያሉ።

ከሰዓት ወይዘሮ ዘውዴ መጡ። የተፈታውን እግር አዩ፣ እኔን አዩ። «ጌታነህ፣ እኔ ሙያተኛ ብዬ ነው ያመጣሁህ። ቅዳሜ ጧት ጀልባዬ ካልተነሳች አንተ ትነሳለህ» አሉኝ። የሰማው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ኋላ ግን ማሰብ ጀመርኩ።

ብነሳ የት ልሄድ ነው? ወደ አድማሱ ጓሮ። አድማሱ የሚስቴ ወንድም ነው። ነዳጅ ጠፍቶ አብዛኞቹ ባጃጆች ከቆሙ፣ የምሠራበት ጋራዥም ከተዘጋ ወዲህ እኔና የሻረግ ከነልጆቻችን በሱ ጓሮ ባለች አንዲት ክፍል ነን። ክፉ ሰው አይደለም። ግን እንጀራ ስቆርስ እጄን የሚያየኝ ይመስለኛል። ምናልባት አያይም። እኔ ግን ከጠገብኩ ቆየሁ።

ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታው ላይ ወጥቼ ለየሻረግ ደወልኩ። «ሥራው እንዴት ነው?» አለች። «ደህና ነው።» «ሐይቁስ?» «ትልቅ ነው» ብዬ ዘጋሁት።

ረቡዕ

ጎማዋ አልመጣችም። ራሴ ልሥራት ብዬ ተነሳሁ።

የሞከርኩት፦ የበረባሶ ሶል፤ ደረቅ ነው፣ አይታጠፍልኝም። የባጃጅ ጎማ ውስጠኛው ላስቲክ፤ ልፍስፍስ ነው፣ ይጠቀለላል። ላስቲኩን ደራርቤ በማስቲሽ አጣብቄ፤ ይቺ ሳትሻል አትቀርም። በምላጭ ነው የምቆርጣት። አውራ ጣቴንም አብሬ ቆርጫለሁ።

መረቡ ማታ ማታ ይጣላል፣ ጧት ጧት ይነሳል። ጀልባዋ ስለቆመች ሰዎቹ ዛሬ በደንገል ታንኳ እየቀዘፉ ሄዱ። የተመለሱት ፀሐይ አናት ላይ ከወጣች በኋላ ነው። ዓሣው ግማሹ መረቡ ላይ ሞቶ ውሎ ተበላሽቷል፤ ሐይቁን የወረረው የእምቦጭ አረም መረቡን ጠቅልሎት ቀዳዶታል። አንድም ሰው ክፉ ቃል አልተናገረኝም። አያ ደሴ ትከሻቸውን እያሹ «ቀዘፋ የቀረልኝ መስሎኝ ነበር» ብቻ አሉ። ያቺ ቃል ቀኑን ሙሉ ስትቆጠቁጠኝ ዋለች።

ጾሙ ደግሞ እዚህ ይከብዳል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳልቀምስ ፊት ለፊቴ የአምባዛ ዓሣ ይሸነሸናል። ከዘጠኝ በኋላ የሻረግ የቋጠረችልኝን በሶ በጠበጥኩ። አያ ደሴ አዩኝና «የደብረ ታቦር ሰው በጾም ዓሣ አይነካም አሉ፣ እውነት ነው?» አሉኝ።

«ኧረ በስመአብ! አባቴ ቄስ ናቸው።»

«የኔም አባት ቄስ ነበሩ። ግን ሐይቅ ዳር ነው የተወለዱ» አሉና ጥርስ በሌለው አፋቸው ሳቁ። ይብሉ አይብሉ አልነገሩኝም።

ጀርባዬን አመመኝ። ጎማዋ ነገ እምቢ ካለች ሌላ ሐሳብ የለኝም።

ሐሙስ

በርሜል ለሁለት ቆርጠን ውኃ ሞላን፣ የሞተሯን እግር ከተትን፣ ገመዱን ሳብኩ። ተነሳች። አሁን ዋናው ነገር ከጎኗ ባለች ቀዳዳ ቀጭን ውኃ መፍሰስ አለባት፤ ያ ከፈሰሰ እየበረደች ነው ማለት ነው። ዓሣ አስጋሪዎቹ «ሸናች» ነው የሚሉት። እኛ ሁላችን ጎንበስ ብለን ቀዳዳዋን እናያለን። ምንም። ቶሎ አጠፋኋት።

ፈታሁ። የክንፎቹን አቅጣጫ ገልብጬ ነበር ያስገባሁት! ከድካም ይሁን ከፍርሃት እኔንጃ። አውጥቼ አዙሬ ገጠምኩ።

ገመዱን ሳብኩ። ጠበቅን። ጠብ፣ ጠብ፣ ከዚያ ፏ አለ።

«ሸናች! ሸናች!» ብለው ጮሁ። አንድ ቄስ ጃንጥላቸውን ይዘው በዚያ ሲያልፉ ዞር ብለው አዩን፤ አፍሬ መሬት ልግባ። ግን ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም። ከሰኞ ወዲህ ዛሬ ገና ቀለል አለኝ።

ወይዘሮ ዘውዴ እጃቸውን ውኃው ላይ አድርገው ሙቀቱን ለኩ። «በርሜል ውስጥማ ማን አይሸናም?» አሉ። «ሐይቁ ላይ አሳየኝ። ነገ የጠገነ አብሮ ይሳፈራል።»

ወይ ጉድ! ይኼን ማን አሰበ? እኔ የብስ ላይ የምሠራ መስሎኝ ነበር።

አያ ደሴ ወደ እኔ ዘንበል ብለው «ዋና ትችላለህ አይደል?» አሉኝ። «እንዴታ!» አልኳቸው።

ከየት የመጣ እንዴታ ነው? ጉና ሥር ያደገ ሰው ዋና የት ይማራል? እኔ የማውቀው ውኃ ከጉልበቴ አያልፍም። አይ እኔ! እነሱን በይሉኝታ እወቅሳለሁ፣ ራሴ ግን ከነሱ ብሼ ተገኘሁ። ሄጄ «አልችልም» ማለት እችላለሁ፣ ቅርብ ናቸው፣ እሳት እየሞቁ ሲያወሩ ይሰማኛል። አልሄድኩም።

ዓርብ

በሕይወት አለሁ። ጽሑፌ ለራሴም አይነበብ።

የወጣነው ከሰዓት ነው፣ መረብ ለመጣል። አያ ደሴ ከኋላ ሞተሯን ይዘዋል፣ እኔ አጠገባቸው፣ ሌሎቹ ሁለቱ ከፊት መረቡ ላይ ተቀምጠዋል። ዓይኔን ከዚያች ቀዳዳ አልነቀልኩም። ውኃዋ ትፈሳለች፣ እኔ «እመቤቴ፣ እመቤቴ» እላለሁ። ዳሩ እየራቀ ሲሄድ ዞሬ ላለማየት ማልኩ፤ ዞሬም አየሁ። ዛፎቹ ደቃቅ ሆነዋል። የጀልባዋን ጠርዝ በሁለት እጄ ያዝኩ።

መረቡን ጥለን ስንመለስ ነፋሱ ተነሳ። ማዕበሉ ጀልባዋን ያነሳታል፣ ያፈርጣታል። በዚያ መሀል ውኃዋ ቀጠነች። ከዚያ ቆመች።

«አያ ደሴ፣ ያጥፏት!» አልኩ።

«አላጠፋም። ነፋሱ እምቦጩ ውስጥ ይከተናል፣ እዚያ ከገባን ማን ያወጣናል?»

እውነታቸውን ነው። እምቦጩ በስተግራችን እንደ ሜዳ ተንጣሏል። ግን ላስቲኩ መሽተት ጀምሯል፣ እኔ ያንን ሽታ አውቀዋለሁ። ይቺ ከተቃጠለች ሌላ ጎማ የለም፣ ቅዳሜም የለም፣ መመለሻም የለንም። የሚበልጡኝን ሰው እጅ ገፍቼ አጠፋኋት። በሕይወቴ ሽማግሌ ገፍቼ አላውቅም። ከፊት የተቀመጡት ጮሁብኝ።

ሞተሯ ስትጠፋ የማዕበሉ ድምፅ ብቻ ቀረ። የሞተሯን እግር ከውኃው ቀና አደረግነው። ለማየት ግን ከጀልባዋ ኋላ በደረቴ ተኝቼ ግማሽ አካሌን ወደ ውጭ ማውጣት አለብኝ። አልቻልኩም። ሰውነቴ እምቢ አለኝ።

«አያ ደሴ፣ እኔ ዋና አልችልም» አልኳቸው። ድምፄ የልጅ ድምፅ ሆነ።

እሳቸው አዩኝ። «እኔስ መቼ እችላለሁ?» አሉ።

«ምን?»

«ዕድሜዬን ሙሉ ሐይቅ ላይ ነኝ፣ አንድ ቀን ዋኝቼ አላውቅም። እነዚያም አይችሉ። በል የመረቡን ገመድ ወገብህ ላይ እሰር፣ እኛ እንይዝሃለን።»

እግዚኦ! አራት ሰው፣ አንድም ዋናተኛ የለም። ይኼን ትናንት ማታ ብሰማ ኖሮ በእግሬ ደብረ ታቦር እገባ ነበር። ግን እንዲያው ፍርሃቴ ቀለለኝ፤ ለምን እንደሆነ እንጃ። ገመዱን ታጠቅሁ፣ አያ ደሴ ቀበቶዬን ያዙ፣ ተንጋድጄ ወጣሁ።

ጎማዋ አይደለችም! ውኃ የሚገባበትን ወንፊት የእምቦጭ ሥር ሸፍኖታል፣ ጥቁር ፀጉር የመሰለ። በጥፍሬ እየቧጨርኩ አወጣሁት። ማዕበሉ ፊቴን እየመታኝ ውኃ ጠጣሁ፣ አስነጠሰኝ፣ አልቅሼም ይሆናል። ጨርሼ ስመለስ የእምቦጩ ጫፍ ጀልባዋን ነክቷል።

ትንሽ ትብረድ ብዬ ከለከልኳቸው። ከዚያ አያ ደሴ ገመዱን ሳቡ። እምቢ። ደገሙ። እምቢ። በሦስተኛው ተነሳች፣ ውኃዋም ፈሰሰች። ማንም አልጮኸም። ሁላችንም ውኃዋን እያየን ዳር ደረስን።

ከጀልባዋ ወርጄ አሸዋው ላይ ተቀመጥኩ። እጃቸውን ስለገፋሁ አያ ደሴን ይቅርታ ጠየቅኋቸው። «ሰኞ እኔም እንዲህ ብገፋህ ኖሮ» አሉኝ፣ ጨርሰውም አልተናገሩት።

ቅዳሜ

ጎማዋ ዛሬም አልመጣችም። መለዋወጫ ሻጩ ዛሬ ነገ ይላል። የኔዋ ግን እየሠራች ነው።

ገና ሳይነጋ ወጡ፤ እኔ አልሄድኩም፣ አልጠየቁኝምም። ዳር ቆሜ የሞተሯን ድምፅ እሰማለሁ። እየራቀች ስትሄድ ጆሮዬን ቀስሬ ተከተልኳት፣ አልተቆራረጠችም። ወይዘሮ ዘውዴ ከኋላዬ ቆመዋል ለካ፤ እሳቸውም የሚያዳምጡት እሷን ነው።

«ተነሳች» አሉ።

«ተነሳች፣ ወይዘሮ ዘውዴ።»

«እንግዲያ አንተ ተቀመጥ።» ይኸው ነው። ምርቃትም የለ፣ ምስጋናም የለ። ጥቂት ሄደው ዞር አሉና «ከመጋዘኑ ጀርባ ያለው ክፍል ባዶ ነው። መረብ ውስጥ እየተኛህ ልትታመም ነው እንዴ? ባለቤትህን አምጣ፣ ልጆቹንም» አሉኝ። ጎንበስ ብዬ እጅ ነሳሁ።

መረቡ ዛሬ ቀረሶ የሚሉትን ዓሣ ሞልቶ መጣ። አያ ደሴ አንዱን አንሥተው «ይኼ ለፋሲካ ይቀመጥልህ?» ብለው አሾፉብኝ። ሰዎቹ ሲሸነሽኑ እኔ ጉብታው ላይ ወጣሁ።

የሻረግ ስልኩን ቶሎ አነሳች። ሁሉንም ነገርኳት፤ ሞተሯን ማቃጠሌን፣ እምቦጩን፣ ገመዱን፣ ክፍሏን። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። ልጆቼን ወደ ወባ አገር አላወርድም ትለኛለች ብዬ መልሴን ሁሉ አዘጋጅቻለሁ። ግን መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ።

«የሻረግ?»

«አለሁ።» ድምጿን ዝቅ አደረገች፣ ሰው አጠገቧ አለ መሰለኝ። «በሩ ከውስጥ ይዘጋል?»

ይኼን ሁሉ ወር በወንድሟ ጓሮ ስንኖር፣ የወንድሟ ሚስት ሳታንኳኳ ስትገባና ስትወጣ፣ እሷ አንድ ቀን አላማረረችም። እኔም አንድ ቀን አልጠየቅኋትም። የምቸገረው እኔ ብቻ መስሎኝ።

«ልየው» ብያት ወረድኩ። ክፍሏ ጨለማ ነች፣ ወለሏ አፈር ነው፣ ጥግ ላይ የበረዶ ሳጥን ተቆልሏል። በሩ ደህና በር ነው። ከውስጥ ግን መቀርቀሪያ የለውም።

ዛሬ በጣም ደክሞኛል፣ ጀርባዬ አልቀና ብሏል። ቢሆንም ብረት አግኝቻለሁ፣ መጋዝ ተውሻለሁ። ስልክ የምደውልላት መቀርቀሪያውን ገጥሜ፣ ራሴ ከውስጥ ዘግቼ ካየሁት በኋላ ነው።