ሦስት ሰዓት፦ በእኛ ነው በእነሱ?

ለተከበራችሁ የሂሳብ ባለሙያዎች ፈተና የቦታ ድልደላ ኮሚቴ አባላት፣
ባላችሁበት።

ጤናችሁ እንደ ማኅተማችሁ የጸና፣ ወንበራችሁም እንደ ውሳኔያችሁ የማይነቃነቅ እንዲሆን እየተመኘሁ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ ዱርቫሊኖ ቦርባ፣ በፓራና ወንዝ ምዕራባዊ ዳር በፖርቶ ሴድሮ ከተማ ዓሣ በመኪና የማመላልስ፣ በዚህ ወንዝ ዳር ከመሥሪያ ቤት የመጣ ወረቀት ከአናቱ እስከ ግርጌው በማንበብ የመጀመሪያው ሰው ነኝ። እርግጥ ቄሱም ያነባሉ፣ የመድኃኒት ቤቷ ሴትዮም ታነባለች፣ ልጄ ኢቫኒልዴ ደግሞ ሕፃን ሳለች ጀምራ ነው። ግን እነሱ ለሥራቸው ነው፤ ደስ ብሎት የሚያነበው እኔ ብቻ ነኝ፤ የማታ ትምህርቴን ከጨረስኩ ገና አራት ወር ነዋ!

«የአዳራሽ ቁጥር ሰባት ውጤት በሙሉ ተሰርዟል» የሚለውን ደብዳቤያችሁንም ደስ ባይለኝም ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ልጄ ሁለት ጊዜ ወድቃ፣ በሦስተኛው ከሃምሳ ጥያቄ ሠላሳ ስምንቱን መልሳ ያለፈችው በዚያ አዳራሽ ነው። የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበራችን የሂሳብ ሠራተኛውን ወንበር እስከ ወሩ መጨረሻ ክፍት አድርጎ እየጠበቃት ሲሆን፣ ያለ ሙያ ፈቃድ ግን አንድም ወረቀት መፈረም አትችልም። ታዲያ ሰው ሲናደድ መሳደብ ቀላል ስለሆነ፣ እኔ ከባዱን መርጬ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ልጄን ሌላ ግዛት ሄዳ እንድትፈተን ስላደረጋችኋት አመሰግናለሁ። በእኛ ከተማ አሥራ ሁለት ክፍል ያለው፣ ጣሪያው የማያፈስ፣ እኔ ራሴ ፊደል የቆጠርኩበት ትምህርት ቤት አለ፤ የእናንተ ጣት ግን ካርታው ላይ ወንዙን ተሻግሮ ሳኦ ፓውሎ ግዛት ውስጥ ማረፍን መረጠ። ጎረቤቴ ዜፌሪኖ «ልጅህ ባሕር ማዶ ልትሻገር ነው አሉ፤ ፓስፖርት አወጣህላት?» እያለ አንድ ሳምንት ሙሉ ሳቀብኝ። እኔም «በአውራ ጣቱ የሚፈርም ሰው ስለ ፓስፖርት አያወራም» ብዬ መለስኩለት። አምና እኔም በአውራ ጣቴ እፈርም እንደነበር አላነሳሁም፤ እሱም እግዜር ይስጠው ረስቶታል።

ሁለተኛ፣ ይህ ወንዝ መሬት ብቻ ሳይሆን ሰዓትም እንደሚከፍል ስለዘነጋችሁ አመሰግናለሁ። በእኛ ዳር ሁለት ሰዓት ሲሆን በዚያኛው ዳር ሦስት ነው። ስለዚህ በፖርቶ ሴድሮ ሰርግ የተጠራ ሰው ሙሽራዋ ማን እንደሆነች ከመጠየቁ በፊት «በእኛ ነው በእነሱ?» ይላል። የመግቢያ ካርዷ ሲመጣ ከእጇ ተቀብዬ፣ «አንቺ ጥናትሽን ያዢ፣ ማንበቡን ለአባትሽ ተዪው» አልኳት፤ ቤተሰቡን ሰብስቤም «በሩ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ይዘጋል» የሚለውን እንደ ወንጌል ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩ። በፈተናው ዕለት ማልደን ወጣን፤ ነገር ግን ድልድዩ መሃል ላይ የኋላ ቀኝ ጎማዬ እንደ መድፍ ፈነዳና አንድ ሰዓት በላብን። ስንደርስ ከፈተናው ግቢ ፊት ለፊት ያለው የዳቦ ቤት ሰዓት ሦስት ከአርባ ይላል። ልጄ አላለቀሰችም። እስክሪብቶዋን ከቦርሳዋ አወጣች፣ አየችው፣ መልሳ ከተተችው። ያን ከማይ ጎማው እኔው ላይ ቢፈነዳ በወደድኩ።

ሦስተኛ፣ ከሁሉ የሚበልጠው ምስጋናዬ አቶ ኦስማሪኖን የአዳራሹ ኃላፊ አድርጋችሁ ስለሾማችሁልን ነው። እያለከለክሁ ስደርስ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ አንድ ሰው ደፉ ላይ ተቀምጦ ማቴ የምንለውን ቀዝቃዛ የቅጠል መጠጥ ከቀንድ ዋንጫ ይምጋል። በቀንድ የሚጠጣው የእኛ ዳር ሰው ነውና፣ ዋንጫውን ሳይ ከየት እንደመጣ ወዲያው አወቅሁ።

«ምን ያስሮጥሃል አንተ ሰውዬ፣ ዓሣህ ሊበላሽብህ ነው?» አለኝ። ሽታዬ ቀድሞኝ ደርሶ ኖሯል።

«በሩ አልተዘጋም እንዴ?»

«ገና ሃያ ደቂቃ አለ! የዚህ አገር ሰው ግን ሲቸኩል ለጉድ ነው ወዳጄ። ልክ በሁለት ሰዓት ቁልፌን ይዤ ብመጣ ሊበሉኝ ደረሱ እኮ!»

የእጅ ሰዓቱን አሳየኝ፤ ሁለት ከአርባ። ሰውዬው አቶ ኦስማሪኖ ነበሩ፤ በኋላ እንደሰማሁት የሚኖሩት ከቤቴ ሦስት መንገድ አልፎ ነው፤ ድልድይ ተሻገርኩ ብለውም ሰዓታቸውን የሚያንቀሳቅሱ ሰው አይደሉም። ሥልሳ ተፈታኝና አራት ፈታኝ አንድ ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ላይ ተጠብሰው ቁልፉን ጠብቀዋል። ሳቄ እንዳያመልጠኝ ኮፍያዬን ነክሼ፣ ለልጄ «ግቢ! ግቢ! ሰውዬውን ሰዓት እንዳትጠይቂው!» አልኳት። ገባች፤ ሠላሳ ስምንቱን ይዛ ወጣች።

አራተኛ፣ ቁልፉ በእናንተ ሰው ኪስ፣ ሰዓቱም በእናንተ ሰው እጅ ላይ እያለ፣ ፈተናው የዘገየው ተፈታኞች ተመሳጥረው ነው ብላችሁ ስለደረሳችሁበት ጥልቅ ምርመራ አደንቃችኋለሁ። ጥያቄው እንደታሸገ ነው የገባው፤ ፀሐይም እስከማውቀው ድረስ ለማንም ሂሳብ አስተምራ አታውቅም። ድጋሚ ፈተናውን ከሁለት ወር በኋላ፣ በአውቶቡስ አሥራ ስድስት ሰዓት በሚያስኬድ ሦስተኛ ግዛት ማድረጋችሁ ደግሞ ልጄ አገሯን እንድታውቅ አስባችሁ ነው፤ ተመልሳ ስትመጣ ወንበሯ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦ ታገኛለች እንጂ።

ኮፍያዬን አውልቄ፣ ጎንበስ ብዬ፣ ማኅተማችሁን በሩቁ ስሜ፣ በአውራ ጣቴ ሳይሆን በሙሉ ስሜ የፈረምኩ፣
ዱርቫሊኖ ቦርባ

ማስታወሻ፦ ኢቫኒልዴ ይህን ደብዳቤ አንብባ «አባዬ፣ የቱ ጎማ?» አለችኝ። ጎማ አልፈነዳም። ካርዱ ላይ ከሦስት ሰዓቱ ሥር «በዋናው ከተማ ሰዓት» የምትል፣ ማለትም በእነሱ፣ ጉንዳን የምታክል ጽሑፍ አለች፤ መምህርቴ ዜናይዴ ሰሌዳው ላይ የምትጽፈው ፊደል መዳፍ ስለሚያክል፣ እኔ ያቺን ጌጥ መስላኝ ዘለልኳት። «በእኛ ነው በእነሱ?» ብዬ ዕድሜዬን ሙሉ ጠይቄ ያን ዕለት ብቻ ረሳሁ። ልጄም አባቷ ያነበበላት የመጀመሪያው ወረቀት ስለሆነ ደግማ ማየት አላስቻላትም። ስለዚህ የግድ አንድ ነገር መሰረዝ ካለበት፣ የማታ ትምህርት ምስክር ወረቀቴን ከዚህ ጋር አያይዤ ልኬላችኋለሁ፤ እሱን ሰርዙና የእሷን ሠላሳ ስምንት ተዉላት። ስትሰርዙት ግን አደራ፣ የሰረዛችሁበትን ሰዓት በትልቁ ጻፉልኝ።